ከኋላ የሚነበብ

ሁለት ክፍል ቤት ናት፣ ቀርከሃ ግድግዳ፣
ከእንሰቱ ጀርባ፣ ከሐይቁ ዳር ሜዳ።
መሬቱ ያባቴ፣ ቆርቆሮው የጡረታ፣
አልጋው የገበያ፣ ፀጥታው የጌታ።

የጎደላት ነገር እንግዳ ብቻ ነው።
ድሮ እንግዳ ሲመጣ ውሻ ነው የሚያውጀው፤
ዛሬ ሳይመጣ በፊት ማወጅ የኔ ሆኗል፣
የማወጃው ስፍራም ኪራይ ይከፈልበታል።

ተማም ደላላው መጣ፤ ሻይ አፈላሁለት፣
ቤቷን በዓይኑ ለካ ከወለል እስከ አናት፤
«ከመቶ አስራ አምስት ለኔ ትከፍያለሽ፣
ቁልፉ እኔ ጋ ይደር፣ ሰው እኔ ላምጣልሽ፤
ለቀንም፣ ለሌሊት፣ ለሰዓትም አለ።»
ለሰዓት ሲል ገባኝ፤ ሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ተንጠለጠለ።
በአባቴ መሬት ላይ፣ በሰዓት ቆጠራ!
በደህና ሸኘሁት፤ ቁልፌም ከኔው ጋራ።

የእህቴ ልጅ ሩሃማ በስልኳ አነሳቻት፤
ቤቴን በዚያች መስኮት ሌላ ቤት አረገቻት፤
መጸዳጃው የለም፣ የጎረቤት ዶሮ የለም፣
ማታ ጉማሬ የሚወጣበት መንገድ የለም፣
ሐይቁም እኔ ሳላውቅ ሰማያዊ ሆኗል።
«ቴሌግራም ላይ ልልቀቀው? አርባ ሺህ ሰው ያየዋል።»
አርባ ሺህ! ልጄ፣ ያለኝ ሁለት አልጋ፣
ይህን ሁሉ ዓይን ተቀብዬ የት ላስጠጋ?
ደግሞም ያ ዶሮ አለ፤ ፎቶው ቢደብቀው
ከሌሊቱ አስር ሰዓት ራሱን የሚገልጠው።

ሬዲዮ ጣቢያ ሄድኩ። የሰላሳ ሰከንዱን ዋጋ ሰምቼ፣
በሱ ሁለት ፍራሽ ይገዛል አልኩና ተመለስኩ ወጥቼ።

ጥቁር ውሃ ወረድኩ፣ ሰሌዳ ልተክል፤
ባዶ ቦታ የለም፤ እንጨት ከእንጨት ጋር ሲታገል፣
ሎጁ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሲሚንቶው፣ ቀለሙ፣
አንዱ በአንዱ ትከሻ ተንጠራርተው ቆሙ።
የኔ ብትጨመር፣ ከስራቸው ሆና፣
ፍየል ይታከክባት እንደሁ እንጂ ማን ሊያያትና!

ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ባጃጅ ውስጥ ነኝ።
አቶቴ ላይ መንገዱ ተዘጋ።
ከፊታችን ያለው ባጃጅ ጀርባው ላይ
«አትቅደመኝ፣ እዚያም ቤት እሳት አለ» ይላል።
ሃያ ደቂቃ አነበብኩት፤ ሌላ የሚነበብ የለም።
ያኔ ነው የታየኝ፦
በጩኸትና በጭስ መሃል የተቀረቀረው፣
መሪውን በቡጢ የሚደበድበው፣
እሱ ነው እንግዳዬ፤
ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን የሚያገላብጠው አይደለም።

ሹፌሩ ላቲሶ ይባላል።
«ጀርባህ ስንት ነው?» ስለው በመስታወቱ ሳቀ፤
«የኔ ወይስ የባጃጇ?»
በወር ስድስት መቶ ተስማማን፣ ቀለሙ በኔ።
ጸሐፊው በፊደል ነበር የሚያስከፍለው፣
ስለዚህ ቆጥሬ ቀነስኩ፤
«ውብ»ን አወጣሁ፣ «ምቹ»ን፣ «ማራኪ»ን፤
የቀረው ይኸው ነው፦
ቡሹሎ፣ ሐይቁ ዳር። ሁለት አልጋ። ዶሮ አለ።
ከሥሩ ስልኬ።

የመጀመሪያው ደዋይ «ዶሮው ወጥ ነው ጥብስ?» አለኝ።
«ጩኸት ነው» አልኩት። ዘጋው።
ሁለተኛዋ ሳቀች፤ መጥታም ሦስት ቀን አደረች።

ሦስት ወር አለፈ። ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣
ያው ባጃጅ በእንሰቱ መሃል እየተንገጫገጨ መጣ፤
ሰው ያመጣልኝ መስሎኝ ሮጥኩ፤
ከኋላ ወንበሩ ሚስቱ ብቻ፣ ልጅ ታቅፋ፣ ፌስታል ይዛ።
«እትዬ» አለኝ፣ «ሦስት ወር ሙሉ
ቤትሽን በጀርባዬ ተሸክሜ ስዞር
አቶቴ ያለ ሰው ሁሉ አነበባት፤
እኔ ብቻ ጀርባዬን ማየት አልቻልኩም።
ለአንድ ሌሊት ስንት ነው?»

ዋጋውን አልናገርም፤ ተማም ይሰማል።
ባጃጇን ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጎ አቆማት፣
ጽሑፉ ወደኔ ዞረ፤
ማታ በሬን ስዘጋ ለራሴ አነበብኩት፦
ሁለት አልጋ። ዶሮ አለ።
ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይም፣ እንደተጻፈው፣ ጮኸ።